የላፕቶፕዎ ስክሪን ደበዘዘ? ከጋምቤላ አዲስ አበባ ከመላክዎ በፊት

ጋምቤላ ከተማ ከአዲስ አበባ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አልፎ ከደጋው ወደ ባሮ ሸለቆ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ አንድን ዕቃ ለጥገና አዲስ አበባ ልኮ መመለስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ አይጠፋውም። በአውሮፕላን የሚልክም ቢሆን የሚያደርስለትና የሚያመጣለት ሰው መፈለግ አለበት። በከተማዋ በክልሉ ቢሮዎች፣ በጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ፣ በሆስፒታሉ፣ እንዲሁም ከደቡብ ሱዳን የመጡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችን በሚያግዙ ድርጅቶች ውስጥ የሚሠራ ሰው ላፕቶፑ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ከእጁ ከወጣ ሥራው ይቆማል። የሩብ ዓመት ሪፖርቱ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የምዝገባ ሰንጠረዡ ያለው እዚያው ውስጥ ነው።

ሰውን በቀላሉ ከሚያሳስቱ የላፕቶፕ ችግሮች አንዱ የስክሪን መደብዘዝ ነው። ኮምፒዩተሩ ይነሣል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ፋይሉም ይከፈታል፤ ነገር ግን ጽሑፉን ለማንበብ ዓይን ይደክማል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ስክሪኑ እንደሞተ ይቆጥርና አዲስ ስክሪን ለመግዛት ወይም ማሽኑን ለመላክ ይነሣል። ሆኖም ለመደብዘዝ ምክንያት ከሚሆኑት ነገሮች አብዛኞቹ አንድም ሳንቲም የማያስወጡ ናቸው። የቀሩትንም ቢሆን የትኛው ክፍል እንደተበላሸ እዚያው ጋምቤላ ሆኖ መለየት ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው የግማሽ ሰዓት ትዕግሥትና የሞባይል ስልክ መብራት ነው። ከቀላሉ ወደ ከባዱ በቅደም ተከተል እንመልከተው።

ብርሃኑ ከየት ይመጣል?

የአብዛኞቹ ላፕቶፖች ስክሪን ኤል.ሲ.ዲ. የሚባለው ዓይነት ነው። ኤል.ሲ.ዲ. በራሱ ብርሃን አይሰጥም። ሥዕሉን የሚሠራው ፈሳሽ ክሪስታል የያዘው ስስ ገጽ ሲሆን፣ ብርሃኑ የሚመጣው ከበስተጀርባው ካለ መብራት ነው። ይህም መብራት ባክላይት ይባላል። ስለዚህ ሥዕሉ ሙሉ በሙሉ ደህና ሆኖ ባክላይቱ ብቻ ሊደክም ወይም ሊጠፋ ይችላል። መብራት በጠፋበት ክፍል ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ፎቶግራፍ ማለት ነው፤ ፎቶው አለ፣ የሚያሳየው ብርሃን ግን የለም።

እ.ኤ.አ. ከ2010 አካባቢ ቀደም ብለው በተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ባክላይቱ ቀጭን የፍሎረሰንት አምፖል ነበር። ይህን አምፖል የሚያበራ ኢንቨርተር የሚባል ትንሽ ሰሌዳም ከስክሪኑ ግርጌ ይገኛል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት የሚጠቀሙት ኤል.ኢ.ዲ. ሲሆን፣ ጥቃቅኖቹ መብራቶች በስክሪኑ ግርጌ በኩል ተደርድረው ብርሃናቸው በስስ ፕላስቲክ አማካይነት ወደ ገጹ ሁሉ ይሠራጫል። ኦ.ኤል.ኢ.ዲ. በሚባለው አዲስ ዓይነት ስክሪን ውስጥ ግን እያንዳንዷ ነጥብ በራሷ ስለምታበራ ባክላይት የሚባል ነገር የለም። ከዚህ በታች ስለ ባክላይት የተባለው ይህን የመጨረሻውን ዓይነት አይመለከትም።

በመጀመሪያ፡- መቼና እንዴት ደበዘዘ?

ማንኛውንም ቁልፍ ከመንካትዎ በፊት የሚከተሉትን ራስዎን ይጠይቁ።

• ድንገት ነው የደበዘዘው ወይስ ቀስ በቀስ? ድንገት ከሆነ ሴቲንግ፣ ኬብል ወይም ፊውዝ ይጠረጠራል። በወራትና በዓመታት ከሆነ የባክላይቱ እርጅና ነው።
• በባትሪ ሲሠራ ብቻ ነው ወይስ በቻርጀርም ጭምር? በባትሪ ብቻ ከሆነ በአብዛኛው ብልሽት ሳይሆን ኃይል ቁጠባ ነው።
• ክዳኑን ከፍና ዝቅ ሲያደርጉት ብርሃኑ ይለዋወጣል? ከተለዋወጠ ጥርጣሬው በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ኬብል ላይ ነው።
• ገጹ በሙሉ ነው የደበዘዘው ወይስ በከፊል? በከፊል ከሆነ ሴቲንግ መነካካት አይጠቅምም።
• ከመደብዘዙ በፊት ምን ሆኖ ነበር? መብራት ጠፍቶ መጥቶ ነበር? ውኃ ወይም ሻይ ፈሶበታል? ወድቋል? ዊንዶውስ ራሱን አድሶ ነበር?

መልሶቹን በወረቀት ላይ ይጻፏቸው። ማሽኑ በመጨረሻ ወደ ባለሙያ የሚሄድ ከሆነ ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ይህ ወረቀት ነው።

ስክሪኑ ነው ወይስ ፀሐዩ?

ጋምቤላ ላይ ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ብዙ ላፕቶፖች ስክሪናቸው የሚሰጠው ብርሃን ከ220 እስከ 300 ኒት ገደማ ነው፤ ኒት የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው። ይህ መጠን የተመጠነው ለቢሮ ነው። በደንብ የበራ ቢሮ ውስጥ ያለው ብርሃን ከ300 እስከ 500 ሉክስ ሲሆን፣ በቀትር ፀሐይ ሥር ያለው ግን እስከ 100 ሺህ ሉክስ ይደርሳል። በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ወይም በረንዳ ላይ እንኳ ከቢሮው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አዲስ አበባ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደማቅ የነበረው ስክሪን ኢታንግ ወይም አቦቦ ወርዶ በክፍት ቦታ ሲከፈት የሞተ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ማሽኑን ወደ ክፍል ያስገቡና መጋረጃ ዘግተው፣ ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይተው ይመልከቱት። እዚያ ደህና ከታየ ስክሪንዎ አልተበላሸም። በመስክ ለሚሠራ ሰው መፍትሔው አቀማመጡን ማስተካከል ነው። ማለትም ከኋላዎ ጥላ መሆን አለበት። ከኋላዎ ክፍት ሜዳ ካለ ሰማዩ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል። ነጭ ልብስም እንዲሁ ያንጸባርቃል። በካርቶን የተሠራ ከለላ ስክሪኑን ከላይና ከግራ ቀኝ ቢሸፍነው ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። የጎን ተመልካችን ለመከልከል በስክሪኑ ላይ የተለጠፈ ጥቁር ፕላስቲክ ካለም ያንሡት፤ ብርሃኑን በጣም ይቀንሳል።

ሴቲንጎቹ

የመጀመሪያው መፍትሔ ከኪቦርዱ የላይኛው ረድፍ ላይ የፀሐይ ምልክት ያለባቸው ሁለት ቁልፎች ናቸው። አንዱ ይጨምራል፣ ሌላው ይቀንሳል። በብዙ ላፕቶፖች በኪቦርዱ ታችኛ ግራ በኩል ያለውን የኤፍ.ኤን. ቁልፍ አብሮ መጫን ያስፈልጋል። ሕፃን ልጅ ወይም አቧራ ስትወለውሉ እጃችሁ ሳታውቁት ሊነካው ይችላል።

በዊንዶውስ 10 እና 11 ሴቲንግስ ከፍተው ሲስተም፣ ቀጥሎም ዲስፕሌይ የሚለውን ይጫኑ። ብራይትነስ የሚለውን ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ይግፉት። በዚያው ገጽ የሚከተሉትን ይመልከቱ።

ራሱ የሚቀያየር ብርሃን፦ አንዳንድ ማሽኖች የክፍሉን ብርሃን የሚለካ ዳሳሽ አላቸው። ዳሳሹ በአቧራ ወይም በተለጠፈ ወረቀት ከተሸፈነ ማሽኑ ጨለማ ውስጥ ያለ ስለሚመስለው ብርሃኑን ይቀንሳል። ሌሎች ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሥዕል እያዩ ብርሃኑን ያወርዳሉ። ሁለቱንም ያጥፏቸው።

ናይት ላይት፦ ይህ ስክሪኑን ወደ ብርቱካናማ ቀለም ይወስደዋል። ብርሃኑ የቀነሰ ያስመስላል እንጂ ብልሽት አይደለም።

ኤች.ዲ.አር.፦ ይህ ሲበራ ተራ ጽሑፍና ገጽ ደብዝዞ የሚታይባቸው ስክሪኖች አሉ። ለቢሮ ሥራ አያስፈልግም፤ ያጥፉት።

ኃይል ቁጠባ፦ ባትሪው ሲቀንስ ዊንዶውስ ራሱ ብርሃኑን ዝቅ ያደርጋል። በብዙ ማሽኖች ይህ የሚጀምረው ባትሪው 20 በመቶ ሲደርስ ነው። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ለሚሠራ ሰው ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። በሲስተም ሥር ፓወር የሚለውን ገብተው ስክሪኑን እንዳያደበዝዝ ማድረግ ይችላሉ፤ ባትሪው ግን ቶሎ እንደሚያልቅ ይወቁ።

ከዊንዶውስ ውጪም የግራፊክስ ካርዱ ሠሪ የራሱን ቁጠባ ሊያስገባ ይችላል። የኤ.ኤም.ዲ. ማሽኖች ላይ ቫሪ ብራይት የሚባለው፣ የኢንቴል ማሽኖች ላይ ደግሞ ዲስፕሌይ ፓወር ሴቪንግ የሚባለው በባትሪ ጊዜ ስክሪኑን ያደበዝዛሉ። በአፕል ማክ ኮምፒዩተሮችም በባትሪ ሲሠሩ ስክሪኑን በጥቂቱ የሚያደበዝዝ ምርጫ አለ።

ብራይትነስ የሚለው መግፊያ ጭራሽ ከጠፋ ወይም ቢገፉትም ለውጥ ከሌለ፣ የስክሪኑ ሾፌር ማለትም ድራይቨር ተበላሽቷል ወይም ተቀይሯል ማለት ነው። ይህ በተለይ ዊንዶውስ እንደገና ከተጫነ በኋላ ይታያል። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ በሚለው ሥር ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር የሚል ካነበቡ ምክንያቱ ተገኘ። የማሽንዎን ሞዴል ይዘው ከሠሪው ድረ ገጽ ትክክለኛውን ድራይቨር አውርደው ይጫኑ። ኢንተርኔት ደካማ ከሆነ ሌላ ሰው በፍላሽ እንዲያመጣልዎ ማድረግ ይቻላል። ለጊዜው የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቢን አንድ ላይ መጫን የግራፊክስ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሣዋል፤ የተከፈተ ፋይልዎን አይነካም።

ቻርጀሩና መብራቱ

የኤሌክትሪክ መዋዠቅና መቆራረጥ ለጋምቤላ ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ እንዲቀበል ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ ተራ መዋዠቅን ይችላል። ሆኖም ቮልቴጁ በጣም ሲወርድ ቻርጀሩ ለአፍታ ያቋርጣል፣ ወዲያው ይመለሳል። ዊንዶውስ ለቻርጀርና ለባትሪ የተለያየ የብርሃን መጠን ስለሚይዝ ስክሪኑ አንዴ ደመቅ አንዴ ደብዘዝ ይላል። ይህን ያየ ሰው ስክሪኑ እየሞተ ነው ብሎ ይደነግጣል። ምልክቱን ለማረጋገጥ የባትሪውን ሥዕል ይመልከቱ። የመሰኪያው ምልክት ከብርሃኑ ጋር አብሮ የሚመጣና የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ ስክሪኑ ላይ የለም። ሌላ ሶኬት፣ ሌላ ዲቫይደር፣ ቀጥሎም ከተቻለ ሌላ ቻርጀር ይሞክሩ።

ቻርጀር ሲዋሱ ወይም ሲገዙ ቮልቱና ዋቱ የማሽንዎ መሆኑን ከጀርባው ያንብቡ። ዋቱ ያነሰ ወይም ማሽኑ የማያውቀው ቻርጀር ሲሰካ አንዳንድ ላፕቶፖች ባትሪውን አይሞሉም፤ ፍጥነታቸውንም ይቀንሳሉ። በዚህም ምክንያት በቻርጀር እየሠሩ መስሎዎት በባትሪ እየሠሩ ሊሆን ይችላል።

ከመዋዠቁ ይልቅ የሚያስፈራው መብራት ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። ይህ ቻርጀሩን አልፎ ማዘርቦርዱን ሊያገኝ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ከተመለሰ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቆ መሰካት ገንዘብ የማይጠይቅ መከላከያ ነው። ከጄኔሬተር ወይም ከመኪና ባትሪ ኃይል ለሚወስዱ የመስክ ሠራተኞችም ጥሩ ጥራት ያለው ስታቢላይዘር ወይም ሰርጅ ፕሮቴክተር ዋጋውን ይመልሳል።

ሙቀቱ

ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ቀን አለ። የብዙ ላፕቶፖች መመሪያ ደግሞ ማሽኑ እንዲሠራ የሚፈቅደው እስከ 35 ዲግሪ ድረስ ነው። ስለዚህ ብዙ የጋምቤላ ላፕቶፖች በቀትር ከተፈቀደላቸው በላይ እየሠሩ ነው ማለት ይቻላል።

ሙቀት ስክሪንን በሁለት መንገድ ይጎዳል። የመጀመሪያው ጊዜያዊ ነው። አንዳንድ ማሽኖች ሲግሉ ራሳቸውን ለመጠበቅ ብርሃናቸውን ይቀንሳሉ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የወጡት ባለ 14 እና ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ሲግሉ ብርሃናቸው መገደቡን በምልክት ያሳያሉ። ማሽኑ ሲበርድ ብርሃኑ ይመለሳል። በማለዳ ደህና ሆኖ ከቀትር በኋላ የሚደበዝዝ ማሽን ካለዎ መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ።

ሁለተኛው ዘላቂ ነው። ኤል.ኢ.ዲ. በሙቀት ውስጥ ቶሎ ያረጃል። ለብዙ የላፕቶፕ ስክሪኖች ሠሪዎቹ የሚሰጡት ዕድሜ፣ ማለትም ብርሃኑ በግማሽ እስኪቀንስ ያለው ጊዜ፣ ወደ 15 ሺህ ሰዓት ነው። በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራበት ሰው ይህ ሰባት ዓመት ያህል ነው። ይህ ቁጥር ግን የተለካው ለብ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። በሙቅ አገር ያጥራል። ሌላ አገር አራትና አምስት ዓመት ሠርቶ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተው ከሆነም ዕድሜው የሚቆጠረው ከእርስዎ ግዢ ቀን ሳይሆን ከመጀመሪያው ባለቤት ነው።

ማሽኑን ፍራሽ ወይም ትራስ ላይ አያስቀምጡ፤ የአየር መውጫው ይዘጋል። በበጋ አቧራ ማራገቢያውን ስለሚደፍነው በዓመት አንዴ ማስጠረግ ይገባል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ላፕቶፕ መተው ደግሞ ስክሪኑንም ባትሪውንም መግደል ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ዝናባማ ወቅት ችግሩ እርጥበት ነው። ኤር ኮንዲሽነር ካለበት ቀዝቃዛ ቢሮ ወደ ውጪው ሙቅና እርጥብ አየር ሲወጡ ማሽኑ እንደ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ያላብና በውስጡ ውኃ ይቋጥራል። በቦርሳው ውስጥ እንዳለ ግማሽ ሰዓት አቆይተው ይክፈቱት።

ሦስቱ ፈተናዎች

እስካሁን የተባለው ሁሉ ካልረዳ ብልሽቱ ያለበትን ክፍል የሚለዩ ሦስት ፈተናዎች አሉ። ማሽኑን ሳይፈቱ የሚደረጉ ናቸው።

1ኛ. ባዮስ። ማሽኑን አጥፍተው ሲያስነሡ ኤፍ 2፣ ኤፍ 10፣ ዲሊት ወይም ኢስኬፕ የሚለውን ደጋግመው በመጫን ወደ ባዮስ ይግቡ፤ ቁልፉ እንደ ሠሪው ይለያያል። ባዮስ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራ ነው። ገጹ እዚህ ደማቅ ሆኖ ዊንዶውስ ሲመጣ ብቻ ከደበዘዘ ጥፋቱ የሴቲንግ ወይም የድራይቨር ነው፤ አዲስ ስክሪን መግዛት አያስፈልግም። እዚህም ደብዛዛ ከሆነ ብልሽቱ የዕቃ ሊሆን ይችላል። በዴል ማሽኖች ባዮሱ ራሱ ለባትሪና ለቻርጀር የተለያየ የብርሃን መጠን ስለሚይዝ እሱንም ይመልከቱ። ሌላ ነገር ሳይነኩ ይውጡ።

2ኛ. ሌላ ስክሪን። ማሽኑን በኤች.ዲ.ኤም.አይ. ወይም በቪ.ጂ.ኤ. ኬብል ከቴሌቪዥን፣ ከሞኒተር ወይም ከስብሰባ አዳራሽ ፕሮጀክተር ጋር ያገናኙ። የዊንዶውስን ቁልፍና ፒን አንድ ላይ ተጭነው ዱፕሊኬት የሚለውን ይምረጡ። ውጪው ደህና ከታየ የግራፊክስ ክፍሉ ጤነኛ ነው። ውጪውም ከተበላሸ ግን ችግሩ ማዘርቦርዱ ላይ ወይም ድራይቨሩ ላይ ስለሆነ ስክሪን መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

3ኛ. የስልክ መብራት። ክፍሉን ያጨልሙና የሞባይልዎን መብራት ወደ ስክሪኑ በጎን አስጠግተው ያብሩ። ጨለማ በመሰለው ገጽ ላይ የዊንዶውስ ሥዕል ወይም ጽሑፍ ደብዝዞ ከታየ ገጹ ይሠራል፣ የጠፋው ባክላይቱ ነው። ምንም ካልታየ ሥዕሉም አልደረሰም ማለት ነውና ኬብሉ፣ ገጹ ወይም ማዘርቦርዱ ይጠረጠራል።

ባክላይቱ ከሆነስ?

ባክላይት የሚጠፋው አምፖሉ ሲሞት ብቻ አይደለም። ኤሌክትሪኩ ከማዘርቦርዱ ተነሥቶ፣ አንዲት ጥቃቅን ፊውዝ አልፎ፣ በማጠፊያው ውስጥ በሚያልፍ ኬብል ወደ ስክሪኑ ይሄዳል። ከሦስቱ በአንዱ ላይ ሊቋረጥ ይችላል።

ኬብሉ ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ስለሚታጠፍ ይደክማል። ምልክቱ በአንድ ማዕዘን ላይ ብርሃኑ መጥቶ በሌላው መጥፋቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ባለ 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ብዙ ባለቤቶች ላይ ይህን ችግር ስላስከተለ አፕል በ2019 ነፃ የጥገና ፕሮግራም እስከ መክፈት ደርሶ ነበር። ከስክሪኑ ግርጌ እንደ መድረክ መብራት ተለያይተው የሚታዩ ብርሃኖች ምልክቱ ነበሩ። ኬብል ከስክሪን በጣም ይረክሳል።

ፊውዙ የሚቃጠለው በውኃ፣ በቮልቴጅ ወይም በጠጋኝ ስህተት ነው። የመጨረሻው ሊሰመርበት ይገባል። የማሽኑ ባትሪ ሳይነቀል የስክሪኑን ኬብል መንቀል ወይም መሰካት ፊውዙን ሊያቃጥል ይችላል። አዲስ ስክሪን ተገጥሞ እሱም ደብዛዛ ከሆነ አዲሱን ዕቃ ከመውቀስ በፊት ይህን ይጠይቁ። ፊውዝ ለመቀየር ሙቀት የሚሰጥ መሣሪያና ጥሩ ዓይን ያለው ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ዕቃው ራሱ ግን እዚህ ግባ የሚባል ዋጋ የለውም።

ባክላይቱ ራሱ አርጅቶ ከሆነ ዛሬ ባሉት ስክሪኖች መፍትሔው ሙሉውን ስክሪን መቀየር ነው። በድሮዎቹ የፍሎረሰንት ማሽኖች ኢንቨርተሩን ብቻ መቀየር ይቻል ነበር። እነዚያን ራስዎ አይንኳቸው፤ ኢንቨርተሩ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ያወጣል።

ስክሪን ከአዲስ አበባ ሲያዝዙ

ጋምቤላ ላለ ሰው ከሁሉ የከፋው ዕቃ ደርሶ አለመግጠሙ ነው። የላፕቶፑን ስም ብቻ መናገር አይበቃም፤ አንድ ሞዴል ሁለት ሦስት ዓይነት ስክሪን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ባለሙያ ሲፈታው ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ በግልጽ ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ይላኩ። በተጨማሪም የሚከተሉትን ያረጋግጡ፦

• ስፋቱ በኢንች፣ ለምሳሌ 14 ወይም 15.6
• የነጥቦቹ ብዛት፣ ለምሳሌ 1366 በ768 ወይም 1920 በ1080
• የኬብሉ መሰኪያ 30 ፒን ነው ወይስ 40 ፒን፣ የትኛው ጎን ላይ እንዳለም ጭምር
• ከላይና ከታች የብሎን ጆሮ አለው ወይስ የለውም
• በጣት የሚነካ ነው ወይስ ተራ

ምርጫ ካለዎ የሚያብረቀርቀውን ትተው የማያንጸባርቀውን፣ ከተገኘም 300 ኒትና ከዚያ በላይ የሆነውን ይምረጡ። በጋምቤላ ብርሃን ውስጥ ልዩነቱ በየቀኑ የሚታይ ነው።

ማሽኑ ከእጅዎ ሲወጣ

መላክ ግድ ከሆነ መጀመሪያ ፋይልዎን ያውጡ። የደበዘዘ ማሽን ፋይሉ አልጠፋም። ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝተው ሁሉንም ወደ ውጪ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ። የታካሚ መዝገብ፣ የስደተኛ ስም ዝርዝር ወይም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያለበት ማሽን ከሆነ ሃርድ ዲስኩን አስወጥተው ያስቀሩት፤ ስክሪን ለመቀየር አያስፈልግም። ሃርድ ዲስኩ ከቦርዱ ጋር የተበየደበት ማሽን ከሆነ ደግሞ ከመላክዎ በፊት ምስጢራዊ ፋይሎቹን ገልብጠው ይሰርዙ፤ የይለፍ ቃልዎንም አብረው አይስጡ። ጠጋኙ ስክሪኑ መብራቱን ለማየት ባዮስ ይበቃዋል። የማሽኑን መለያ ቁጥርም ፎቶ አንሥተው ይያዙ።

ከዚያ በፊት የጻፉትን ወረቀትና የሦስቱን ፈተናዎች ውጤት አብረው ይላኩ። «ስክሪኑ ተበላሽቷል» ብሎ መላክና «በባዮስም ደብዛዛ ነው፤ በፕሮጀክተር ደህና ነው፤ በስልክ መብራት ሥዕሉ ይታያል፤ ክዳኑ ሲንቀሳቀስ ይለዋወጣል» ብሎ መላክ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የሙሉ ስክሪን ዋጋ ያስከፍላል፤ ሁለተኛው ጠጋኙን ቀጥታ ወደ ኬብሉ ይወስደዋል። ምናልባትም ማሽኑ ጭራሽ ሳይላክ ኬብሉ ብቻ ተገዝቶ እንዲመጣና ጋምቤላ ውስጥ ባለ ባለሙያ እንዲገጠም ያደርጋል።

ጥገናው እስኪደርስ ሥራዎ መቆም የለበትም። በቢሮ ሞኒተር ወይም በቤት ቴሌቪዥን ላይ አገናኝተው መሥራት ይችላሉ፤ ዊንዶውስ በሁለተኛው ስክሪን ብቻ እንዲያሳይ የዊንዶውስ ቁልፍና ፒን ተጭነው ሴከንድ ስክሪን ኦንሊ የሚለውን ይምረጡ። ሪፖርቱ በቀኑ ይደርሳል፤ ላፕቶፑም ተራውን ይጠብቃል።